በሴት ልጆች ሶፍትቦል፦ ሯጯን የሚመራት የቤዝ አሰልጣኝ

ቤዝቦልን በሚመስለው የሶፍትቦል ጨዋታ ከቤዝ (ሯጯ በተራ ከምትረግጣቸው ማረፊያዎች) ቤዝ ያለው ርቀት 60 ጫማ ብቻ ነው። ሯጯ ኳሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ከዞረች ፍጥነቷን ታጣለች። ስለዚህ ኳሱ ከጀርባዋ ሲሆን ዓይኗ አሰልጣኙ ላይ ይሁን።

የአንደኛ ቤዝ አሰልጣኝ ሥራ ቀለል ይላል። ኳሱ በውስጠኛው ሜዳ መሬት ለመሬት ከሄደ «ሳትቆሚ እለፊ!»፣ ወደ ውጭኛው ሜዳ ካለፈ «ታጠፊና እዪ!» ይበላት። ኳሱ ከወርዋሪዋ (ለመቺዋ ከምትወረውረው ተጫዋች) እጅ ሳይወጣ ቤዙን ከለቀቀች «አውት» እንደምትባል፣ ማለትም ሩጫዋ እንደሚቋረጥም ያስታውሳት።

ከባዱ ውሳኔ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነው። ሯጯ ከሁለተኛ ስትመጣ አሰልጣኙ ቤዙ ሥር ተተክሎ አይቁም፤ ወደ ሆም (ነጥብ ወደሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ) ጥቂት ሜትር ይውረድ። እዚያ ሲሆን ቤዙን እየታጠፈች ታየዋለች፣ እሱም ለመወሰን ትንሽ ጊዜ ያገኛል። ክንዱን በሰፊው ካሽከረከረ ቀጥይ፣ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ካነሳ ቁሚ፣ ወደ መሬት ከጠቆመ ተንሸራተቺ ማለት ነው። ቤዙን ልትረግጥ ሦስት አራት እርምጃ ሲቀራት ምልክቱ መታየት አለበት፤ ከዘገየ ታጥፋ ካለፈች በኋላ ለመመለስ ስትታገል ትያዛለች። በጩኸት ብቻ መተማመን አይበጅም፤ የተመልካቹ ድምፅ ይውጠዋል። ደግሞም በእጁ ይዞ ካስቆማት ወይም ከገፋት ዳኛው ሯጯን «አውት» ይላታል።