ግላስፊሽን ከተርሚናል ማስተዳደር፦ አስአድሚን ላልለመዳችሁ

ሐዋሳ አሞራ ገደል የአሳ ሾርባ ይዤ ገና ሁለቴ ሳልጎነጭ ስልኬ ጮኸ። ሲስተሙ አልከፍት ብሏል። የአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ሲስተም ነው፣ ግላስፊሽ በሚባል የጃቫ አፕሊኬሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ደግሞ መሃል ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ላፕቶፔን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ የአስተዳደር ገጹን በብሮውዘር ለመክፈት ሞከርኩ። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ነጭ ገጽ። ሾርባው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተርሚናል ከፍቼ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር መግቢያ) ገባሁና ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ አለቀ።

በቀጭን ኔትዎርክ ላይ ፊደል ያልፋል፣ ሥዕል አያልፍም። ግላስፊሽን በጽሑፍ ትእዛዝ የምናስተዳድርበትን አስአድሚንን የምወደው ለዚህ ነው።

(ስሙ ግላስፊሽ መሆኑ እዚህ ከተማ ቀልድ አያጣውም። “ቆሮሶ ነው አምባዛ?” እያሉ ያሾፉብናል። ለምደነዋል።)

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በራሳችን ፊደል ነው። ተርሚናሉ ላይ ግን በእንግሊዝኛ፣ በትንንሹ ፊደል ጻፏቸው። በቃላቱ መካከል ያለችውን ሰረዝ አትዝለሏት። አስአድሚን ራሱ “ኤ”፣ “ኤስ”፣ ከዚያ “አድሚን” ነው፣ ሦስቱም ተያይዘው። የምታገኙት ግላስፊሽ በተጫነበት ቦታ ቢን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ግላስፊሽን የጀመረው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰንን ኦራክል ሲገዛው አብሮ ሄደ፣ በ2017 ደግሞ ኦራክል ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን አሳልፎ ሰጠው። ባለቤቱ ይቀያየር እንጂ መሠረታዊዎቹ ትእዛዞች ያው ናቸው፣ የድሮ መመሪያ ቢገጥማችሁ አትናቁት።

መጀመሪያ ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን እዩ፦

አስአድሚን ሊስት-ዶሜይንስ

ዶሜይን ማለት አንድ ሙሉ የሰርቨር ቤት ነው፤ ሴቲንጉ፣ ሎጉ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል)፣ የተጫኑት አፕሊኬሽኖች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሲጫን አብሮ የሚመጣው ዶሜይን1 ይባላል። ካልተነሳ ስታርት-ዶሜይን፣ ለማቆም ስቶፕ-ዶሜይን፣ አቁሞ ለማስነሳት ሪስታርት-ዶሜይን። አልቆምም ብሎ ከደረቀ ስቶፕ-ዶሜይን ላይ --ኪል=ትሩ ጨምሩ፣ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። እንደ ስታርት-ዶሜይን ያሉት ሰርቨሩ ባይነሳም ይሠራሉ። እንደ ዲፕሎይ (አፕሊኬሽን መጫኛ) ያሉት ግን ሰርቨሩን በ4848 ፖርት በኩል ስለሚያናግሩት እሱ ከተኛ የሚሰማቸው የለም። ያኔ “4848 ላይ የሚሰማ ሰርቨር የለም፣ ተነስቷል ወይ?” የሚል ዓይነት መልእክት ይመጣል። ጀማሪ ፋየርዎል ነው ብሎ ግማሽ ቀን ይለፋል። እውነትም እኮ የተጠየቀው ተነስቷል ወይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲፕሎይ። አዲስ የአፕሊኬሽን ፋይል ለመጫን እንዲህ ጻፉ፦

አስአድሚን ዲፕሎይ --ፎርስ=ትሩ --ኔም ማህበር --ኮንቴክስትሩት ማህበር ማህበር-2.ዋር

--ኔም የአፕሊኬሽኑ ስም ነው፣ --ኮንቴክስትሩት ደግሞ በብሮውዘር የሚከፈትበት አድራሻ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን --ኔም እና --ኮንቴክስትሩት የሚሉትን ትቼ --ፎርስ=ትሩ እና ፋይሉን ብቻ ሰጠሁት። “በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል” አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ቡና ጠጣሁ። ከሰዓት የማህበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ደወለች፦ “ወንድሜ፣ ምንም የተቀየረ ነገር የለም እኮ!” ድጋሚ ጫንኩ። አሁንም የለም። ሦስተኛው ላይ ነው ሊስት-አፕሊኬሽንስ ብዬ ማየት ትዝ ያለኝ፦ ሁለት ናቸው። “ማህበር” እና “ማህበር-2”። ስም ካልሰጣችሁት ከፋይሉ ስም ይወስዳል፣ ስለዚህ አዲሱ ሌላ አፕሊኬሽን ሆኖ በሌላ አድራሻ ተቀምጧል፣ ሰዎቹ ደግሞ በለመዱት አድራሻ አሮጌውን እየከፈቱ ነው። የባሰው ሁለቱም እየሠሩ ስለነበር የወሩ ማስታወሻ ለአባላት ሁለት ሁለት ጊዜ ተልኳል። አንድ አባት ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ መጥተው ነበር።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ትርፉን አንዲፕሎይ ብላችሁ አውጡት፣ ከዚያ ከላይ እንዳለው ስሙን ጠቅሳችሁ ጫኑ። --ፎርስ=ትሩ የሚለው “በዚህ ስም ያለውን ተካው” ማለት ነው፤ ስሙ ካልተገናኘ የሚተካው ነገር የለም። ዲፕሎይ ባደረጋችሁ ቁጥር ሊስት-አፕሊኬሽንስ እዩ። ሁለት ሰከንድ ነው።

ሲስተሙ ተነስቶ ግን መረጃ ካላመጣ ሎጉን ከመቆፈር በፊት ፒንግ-ኮኔክሽን-ፑል ብላችሁ የፑሉን (ግላስፊሽ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝባቸው መስመሮች ስብስብ) ስም ስጡት። ከዳታቤዙ ጋር መገናኘቱን ወዲያው ይነግራችኋል። ካልተገናኘ ወይ ፓስወርዱ ተቀይሯል፣ ወይ ዳታቤዙ ራሱ አልተነሳም፣ ወይ ድራይቨሩ ዶሜይኑ ውስጥ ሊብ የሚባለው ፎልደር ላይ የለም። የቀረው ሰርቨር.ሎግ ላይ ነው፣ ዶሜይኑ ውስጥ ሎግስ ፎልደር ታገኙታላችሁ።

ሰርቨሩ ቀስ እያለ ሄዶ ድንገት የሚደርቅ ከሆነ ሜሞሪውን ጠርጥሩ። ሲጫን ለጃቫ የሚሰጠው ጣሪያ 512 ሜጋባይት ነው፣ ማሽኑ 16 ጊጋ ራም ቢኖረውም ለእሱ ግድ የለውም። ሊስት-ጄቪኤም-ኦፕሽንስ ብላችሁ ያለውን እዩ፣ አሮጌውን በዲሊት-ጄቪኤም-ኦፕሽንስ አጥፉ፣ አዲሱን በክሪኤት-ጄቪኤም-ኦፕሽንስ ጨምሩ፣ ከዚያ ሪስታርት። ኦፕሽኑ ውስጥ እንደ ሰዓት መጻፊያ ያለች ሁለት ነጥብ ካለች ከፊቷ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ጭረት አድርጉባት፣ አለዚያ አንዱን ኦፕሽን ሁለት አድርጎ ይቆርጠዋል።

ስለ ፓስወርድ አጭር ልበል። ከዚፕ ፋይል አውጥታችሁ ከጫናችሁት አድሚኑ ፓስወርድ የለውም፣ ባዶ ነው። ቼንጅ-አድሚን-ፓስወርድ ዛሬውኑ አድርጉ። 4848ን ለኢንተርኔት አትክፈቱት፤ በኤስኤስኤች ግቡና እዚያው ማሽኑ ላይ እዘዙ። ስትገቡም ቲመክስ (ግንኙነቱ ቢቋረጥም ተርሚናሉን ሰርቨሩ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ ሆናችሁ ሥሩ፣ ዲፕሎይ መሃል ኔትዎርክ ቢቆረጥ ሥራው አይቋረጥባችሁም።

አሁን ወደ መብራት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ቢነሳ እንኳ ግላስፊሽ በራሱ አይነሳም። አንድ ሌሊት ለጥበቃው ደውዬ “ጋሼ፣ እባክዎ የዚያችን ጥቁር ማሽን ቁልፍ ይጫኑልኝ” አልኩ። “ተጫንኩት ልጄ፣ እየጮኸች ነው” አሉኝ። ተኛሁ። ጠዋት ሲስተሙ የለም! ማሽኗ በርታለች፣ ግላስፊሽ ግን ማንም አልቀሰቀሰውም። “ሩት” በሚባለው የማሽኑ ዋና ተጠቃሚ ገብታችሁ አንዴ ይቺን ጻፉ፦

አስአድሚን ክሪኤት-ሰርቪስ

ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳ የሚያደርገውን ስክሪፕት ታዘጋጃለች። ከዚያ ማሽኑን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ አብሩትና መነሳቱን በዓይናችሁ እዩ። ሳይሞከር ተሠርቷል አይባልም።

አንድ የቀረኝ አለ። አስአድሚን ብላችሁ ብቻ ኢንተር ብትሉ ውስጥ ያስገባችኋል፣ ከዚያ አስአድሚን የሚለውን ሳትደግሙ ትእዛዞቹን ብቻ መጻፍ ነው። ፈጣን ነው፣ ምክንያቱም በየትእዛዙ ጃቫን እንደ አዲስ አያስነሳም። ከዚህም የሚሻለው ትእዛዞቹን በአንድ ተራ ፋይል ጽፎ መልቲሞድ --ፋይል ብሎ የፋይሉን ስም መስጠት ነው፣ በተርታ ይፈጽማቸዋል። የእኔ ፋይል ውስጥ ፑሉ፣ ሜሞሪው፣ ዲፕሎዩ አለ። በፊት አዲስ ማሽን ላይ ሁሉንም በብሮውዘር እየጠቆምኩ ስሠራ የሆነች ነገር ሁልጊዜ ትረሳኝ ነበር። ባክአፕ-ዶሜይን ግን እዚያ ውስጥ አይገባም፣ ዶሜይኑ መቆም አለበት። እሱን እሁድ ማታ ማንም ሳይገባ አቁሜ፣ ኮፒውን ይዤ፣ መልሼ አስነሳዋለሁ። ኮፒውን ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ አልተወውም፣ በፍላሽ ይዤው ቤቴ እገባለሁ።