ከውጭ የመጣው ቲቪ ባሕር ዳር ሲደርስ ለምን ያስቸግራል?

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ 40 ኢንች ቲቪ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሽምብጥ ሠፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ዘመድ ተሰብስቧል፣ ቡናው ቶና ደርሷል። የሰካሁት እኔ ነኝ። «ጧ» አለ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አለቀ። ያ ቲቪ አንዲት ደቂቃ ሳይታይ ነው የሞተው።

ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን ከውጭ ቲቪ የመጣለት ሰው ሁሉ ከመሰካቱ በፊት ይጠራኛል። ጠጋኝ አይደለሁም። እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል ሆኖብኝ ነው። ደጋግመው የገጠሙኝ እነዚህ ናቸው።

እንደተሰካ «ጧ» ብሎ ጠፋ

ምክንያቱ ቮልት ነው። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ለዚያ ገበያ ብቻ የተሠራ ቲቪ የእኛን ሲያገኝ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ኃይል ይገባበታል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ጀርባውን አዙሩና ተለጣፊውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ዓለም ላይ የትም ይሠራል፤ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ወይም ከ110 እስከ 120 የሚል ከሆነ በምንም ዓይነት በቀጥታ እንዳትሰኩት፤ 220ውን ዝቅ የሚያደርግለት ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ማርካውን አትመኑ። አንዱ ፋብሪካ ለአሜሪካ የሚሠራውና ለእኛ ዓይነቱ አገር የሚሠራው ከፊት ሲያዩት አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ይለያል። ማስማሚያዋም ቅርጽ እንጂ ቮልት አትቀይርም። እኔን የሸወደችኝ እሷ ናት። ስለገባ የሚሠራ መሰለኝ።

አንዴ ከተቃጠለስ? ቶሎ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ደህና ነው። መግቢያው ላይ ፊውዝ አለ፣ ከእሱ ጎን ቫሪስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ቮልት ሲበዛ ቫሪስተሯ ራሷን ሰውታ ፊውዙን ታስበጥሳለች። በእነሱ ከቆመ ጥገናው ቀላል ነው። ካለፈ መብራት የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ይፈነዳሉ፣ ፓወር ቦርዱ (መብራቱን ተቀብሎ ለቲቪው የሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ይቀየራል። የእኛ እዚያ ድረስ ሄዷል። ተመሳሳይ ቦርድ እስኪገኝ ሁለት ወር ጠበቅን። ልብ በሉ፣ የተተካው ቦርድም የ120 ቮልት ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር መልሶ ይቃጠላል። ደግሞ ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሰው የሚመታ ኃይል ይቀራል።

ከዱባይና ከሳዑዲ የሚመጣው በዚህ በኩል አያስቸግርም። እዚያ 230 ቮልት ስለሆነ ከእኛ 220 ጋር ይስማማል። የሚያስቸግረው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያው ነው። በግድ ለማስገባት የሚታገሉ ሰዎች አይቻለሁ። ተዉት። መሰኪያውን በባለሙያ አስቀይሩ።

በትራንስፎርመር ይሠራል፣ ግን ይግላል ወይም በመሀል ይጠፋል

ትራንስፎርመሩ አንሶታል። ተለጣፊው ላይ ከቮልቱ አጠገብ ዋት ተጽፏል። ቲቪው 150 ዋት የሚል ከሆነ ቢያንስ 300 ዋት የሚችል ግዙ። ደግሞ አንሱትና መዝኑት። ውስጡ ብረትና ሽቦ ስለሆነ ደህና ትራንስፎርመር ከባድ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጥ ቀላል መቀየሪያ ለቲቪ አይሆንም።

ስለ ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) የሚጨነቁ አሉ። አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ 50። ትራንስፎርመር ይህን አይቀይርም። ለዛሬ ፍላት ስክሪን ግን ግድ የለም፤ የገባውን መብራት ውስጡ ራሱ ቀይሮ ነው የሚጠቀመው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት ግን ሁሉም ቲቪ ይፈራል፣ እዚሁ የተገዛውም። መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ወይም ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ግዙ።

የዲሽ ገመዱ ገጥሟል፣ ቻናል ግን የለም

ይህኛው ብዙ ሰው ያታልላል። የአሜሪካ ቲቪ የአንቴና ቀዳዳ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው፤ የዲሽ ገመዳችን ጫፍ ልክክ ብሎ ይገባበታል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ «ፈልግ» እያለ ይቀመጣል። ምንም አይመጣም። ያ ቀዳዳ የአሜሪካን የምድር ስርጭት ለመቀበል የተሠራ ነው። ሳተላይት አያውቅም። ዲሹ ላይ ሲግናሉን ለምትቀበለው ኤልኤንቢም መብራት አይልክላትም።

መፍትሄው ሪሲቨር ነው። ገመዱን ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪው። እንዲህ ከሆነ ቲቪው የየትም አገር ይሁን ችግር የለም።

ሪሲቨሩም ሲግናል የለም ካለ ጣሪያው ላይ ውጡ። ኢትዮሳት ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከባሕር ዳር ሲታይ ዲሹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ በጣም ቀና ማለት አለበት። ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚያይ ከሆነ የድሮውን ናይልሳት እያየ ነው። በሐምሌ ዶፍ መሀል ከጠፋ ግን አትነካኩት፣ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ፣ ወይም ስክሪኑ ባዶ ነው

ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ከተጠቀማችሁ ነገሩ የቀለም ሥርዓት ነው። የእኛ ሪሲቨሮች የሚያወጡት ፓል ነው፣ የአሜሪካ ቲቪ ያደገው በኤንቲኤስሲ። ሁለቱ ሳይግባቡ ሲቀሩ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ምስሉ ይንሸራተታል። ከሪሲቨሩ ሜኑ ኤንቲኤስሲን ምረጡ። ወይም ወደ ኤችዲኤምአይ ዙሩ።

ኤችዲኤምአይም ሆኖ አልቀበልም የሚል አለ። ሪሲቨሩ ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ እየላከ ነው፣ አንዳንድ የአሜሪካ ቲቪ 60 ብቻ ነው የሚያውቀው። ሜኑው ውስጥ 1080 ወይም 720 በ60 የሚለውን ምረጡ። ግን ምስል ሳይኖር ሜኑው እንዴት ይታያል? ሪሲቨሩን ይዛችሁ ጎረቤት ሂዱ። እዚያ ቲቪ ላይ አስተካክላችሁ ተመለሱ።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ በጎን በኩል ስክሪኑ ላይ አብሩ። ደብዘዝ ብሎ ምስል ከታያችሁ ስክሪኑ ደህና ነው፣ የሞተው ከኋላ ያለው የባክላይት አምፖል ነው። እሱ ይቀየራል። አዲስ ቲቪ ያለውም ሰው ባክላይቱን ከሜኑ ትንሽ ዝቅ ቢያደርገው ዕድሜው ይረዝማል።

እንደ ንብ ቀፎ «ዝዝዝ» ይላል

ከባድና ሲነኩት የሚሞቅ የቆየ ቲቪ ከሆነ ፕላዝማ ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ የታሸገ ጋዝ አለ። ከፍታ ሲጨምር የውጭው አየር ይሳሳል፣ ጩኸቱ ይሰማል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብዙም ላይብስ ይችላል። ደብረ ታቦር ላሉት አያታችሁ ልትልኩት ካሰባችሁ ግን እዚያ ይብሳል። ጥገና የለውም። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች ፕላዝማ መሥራት ካቆሙ ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነ በስጦታ ካልሆነ አትቀበሉት።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ «ኢንቹ ስንት ነው» ከማለታችሁ በፊት የጀርባውን ተለጣፊ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ይሉኝታ አያስፈልግም። 120 ብቻ ካለ ገንዘቡን ልኮ እዚህ ቢገዛላችሁ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 43 ኢንች ሲባል ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቡፌያችሁን ለኩ። ከሶፋው እስከ ቲቪው ሁለት ሜትር ካለ ከ55 በላይ አትመኙ። ፎርኬ የሚባለው በጣም የጠራ ስክሪን ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኛው የምናየው ቻናል ከኤችዲ አያልፍም። ለዜናና ለድራማ ብቻ ከሆነ ፉል ኤችዲ ይበቃል። ወደ ሐይቁ የሚያይ ትልቅ መስኮት ካላችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያናድዳችሁ ነጸብራቁ ነው። የማያብረቀርቅ ስክሪን ፈልጉ።

ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ላይ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ፎቶ ጭናችሁ ሂዱ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ ጥግ አካባቢ የሚያፈስ ብርሃን ካያችሁ ሌላ ይውጣላችሁ። ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው ስም ካርቶኑ ላይ ካለው ከተለየ ፎርጅድ ነው፣ ውጡ።

ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ በመኪና የምታመጡ ከሆነ ካርቶኑ ቆሞ ይጫን። ተኝቶ ከመጣ፣ በዚያ ላይ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ሲጨመርበት፣ ስክሪኑ ከመሀል ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ደግሞ አዲስ ከመግዛት አይተናነስም። ረዳቱ «ቦታ የለም፣ እናስተኛው» ካለ ቀጣዩን መኪና ጠብቁ።