«የዘንድሮ ወጣት» ከማለት በፊት፦ የነፍስ ግድያ ምጣኔ በዕድሜ እንዴት ይሰላል?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበላ ከሚሰጡ ፍርዶች አንዱ «የዘንድሮ ወጣት ነፍስ ማጥፋት ቀለለው» የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ለማጣራት እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ የሚቆጥሩት ማንን እንደሆነ ይለዩ። የሟቾች ቁጥር ሌላ፣ የገዳዮች ቁጥር ሌላ ነው፤ አንድን ሰው ሦስት ሆነው ሊገድሉት ይችላሉ። ገዳዩ ያልታወቀበት መዝገብ ዕድሜ የለውም። ቢሆንም አይጣሉት፤ ስንት እንደሆነ ከሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፉ።

ቀጥሎ ዕድሜውን ይመድቡ። የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ14 እስከ 17፣ ከ18 እስከ 24፣ ከ25 እስከ 34 እያለ ይሄዳል። የእኛ የወንጀል ሕግ ድንበሮች 9፣ 15 እና 18 ናቸው። የትኛውንም ይምረጡ፣ መሐል ላይ ግን አይቀይሩ። «ሃያ አምስት ይሆነኛል» የሚል መልስ ስለሚበዛ 25ን የያዘው ምድብ ያለ አግባብ ሊያብጥ እንደሚችልም ያስቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታህቱ ላይ፣ ማለትም በሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ላይ ነው። ለልምምድ ያህል፣ አንድ ከተማ 50,000 ወጣቶችና 6 ገዳዮች ነበሩት እንበል፤ 6 ለ50,000 ተካፍሎ በ100,000 ሲባዛ 12 ይመጣል፤ ምጣኔው ከ100,000 ወጣት 12 ገዳይ ነው ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ወጣቱ 100,000፣ ገዳዮቹ 9 ቢሆኑ ምጣኔው 9 ነው። ገዳዩ በዝቷል፣ ምጣኔው ግን ወርዷል። ሐዋሳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲና በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። የፓርኩ ሠራተኞች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ነፍስ የሚያጠፋው በየአገሩ በብዛት ወንድ ነው። ስለዚህ ወንድና ሴት ካልተለየ የወጣት ወንዱ ምጣኔ ከእውነታው በታች ይታያል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ የዛሬን ወንጀል ማካፈልማ ጨርሶ አይሞከርም።

ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ የአንድ ዓመት ውጤት አይመኑ። ከ3 ወደ 6 ማደግ «እጥፍ ሆነ» ያሰኛል፤ የአምስት ዓመት አማካይ ይውሰዱ።

አሁን በሠንጠረዡ ላይ የዕድሜ ምድቦቹን ወደ ታች፣ ዓመታቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በአሜሪካ ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉት ገዳዮች ምጣኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ከ100,000 ሰው 30.7 ደርሶ ነበር፤ በ2000 ወደ 9.5 ወረደ። ለመውጣቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የክራክ ኮኬይን ንግድና የሽጉጥ መስፋፋት ይገኙበታል።

በመጨረሻ አንዱን ትውልድ እየተከተሉ ሠንጠረዡን በሰያፍም ያንብቡ። እነዚያው የ1993 ታዳጊዎች በ2000 ከ21 እስከ 24 ዓመት ሆነው ወደ ሌላ ምድብ ተሻግረዋል። 9.5 የተመዘገበው በ1993 ገና ከ7 እስከ 10 ዓመት በነበሩት ልጆች ነው።