የውጭውን ብርድ በቱቦ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት

ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እቤት ደግሞ ጌም በተከፈተ ቁጥር የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ታዲያ ያን ብርድ ለምን አንጠቀምበትም? ወደ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) የሚገባው አየር ከ22 ወደ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢወርድ፣ የፕሮሰሰሩም ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

መጀመሪያ መስኮቱን በጥቂቱ ክፈቱና በክፍተቱ ልክ ጣውላ ቁረጡ። ጣውላው ላይ ለቱቦው ቀዳዳ አውጡ፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ድፈኑ። ለ120 ሚሊ ሜትር ፋን 125 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ይሆናል። ቱቦው ባጠረና መታጠፊያው ባነሰ ቁጥር አየሩ በደንብ ይገባል። ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ የውጭውን ጫፍ ወደ ታች አዘንብሉት። አፉ ላይ ወንፊት እሰሩ፤ ያለበለዚያ ነፍሳቱ ሁሉ ይገባሉ። ሌላውን ጫፍ ከኬዙ የፊት ፋን ጋር ክፍተት ሳይተዉ በፕላስተር ማያያዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ኮምፒውተርን የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ውሃው ነው። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ያልበው የለ? ውሃው የሚመጣው ከክፍሉ አየር ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ፣ ከ11 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ብረት ሁሉ ያልበዋል። ሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር ትኩስ ስለሆነ አያሰጋም። የሚያልበው ቱቦውና የኬዙ ፊት ነው። ስለዚህ ቱቦውን በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልሉት።

ኬዙ መግቢያ ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። ቱቦው ላይም አየሩን የሚያጠብና የሚዘጋ መዝጊያ ግጠሙ፤ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ በታች ከወረደ በከፊል ዝጉት። ውስጣቸው የሚሽከረከር ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች ደግሞ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሠሩ አልተደረጉም።

መዝጊያ ካልኩ አይቀር፣ እኔ መጀመሪያ ሳልገጥምለት ቀረሁ። አንድ ማታ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ብርዱ ቀስ እያለ ገብቶ አደረ። ጠዋት የኬዙን ጎን ስከፍት የግራፊክስ ካርዱ ጀርባ ላይ ጠብታ ተደርድሯል። ደግነቱ ማብሪያውን አልነካሁም። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ክፍት እንዳለ ቀኑን ሙሉ እንዲደርቅ ተውኩት። አሁን ከማብሪያው ጎን «መዝጊያውን!» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ።