ረከቦቱ ተንሳፎ ሄደ፦ ውኃ ውስጥ ፎቶ ስታነሱ የማይደገሙ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ከሰዓት በኋላ አብረው ቡና የሚጠጡ ሁለት አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠው ስለ ዳህላክ ደሴቶች ሲጨዋወቱ የሰማ መንገደኛ ቀልድ ይመስለዋል። ደሴ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ (ስሙም «ሐይቅ» ነው) ወርደን ከጓደኞቼ ጋር «ማን ይበልጥ ያስቃል» የሚል የውኃ ውስጥ ፎቶ ውድድር ስንጀምር ዳኞች እንዲሆኑልን የለመንናቸው እነሱን ነው። ሥራችንን እያዩ የሚደጋግሟት ነገር አለች፦ «ይቺንማ እኛም አበላሽተናታል።»

በገመድ ለክቶ ማንሳት

እ.ኤ.አ. በ1963 ገበያ ላይ የዋለችው ኒኮኖስ ሌላ ሳጥን ሳያስፈልጋት ውኃ ውስጥ የምትገባ ካሜራ ነበረች። ፎከስ ግን ራሷ አትሠራም፤ ርቀቱን ገምቶ ሌንሱን የሚያዞረው ሰው ነው። ታላቅየው ጋሼ ግምት አይወዱም። ገመድ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አሰሩ፣ እስከ ጓደኛቸው አፍንጫ ለኩ፣ የለኩትን ቁጥር ሌንሱ ላይ አዞሩ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ 36ቱም ደብዛዛ!

ብርሃን ከውኃ ወጥቶ መስታወቱን አልፎ አየር ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል። ስለዚህ 2 ሜትር ላይ ያለ ነገር 1.5 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። በጠፍጣፋ መስታወት በኩል የሚያይ ሌንስም እንደ ዓይናችን ይታለላል። ማዞር የነበረባቸው ገመዱ ያለውን ሳይሆን ዓይናቸው ያየውን ነበር። ዛሬ ፎከሱን ካሜራው ራሱ ቢያስተካክለውም፣ ቅርብ መስሏችሁ ከሩቅ የማንሳቱ ነገር አልቀረም። በዚሁ ምክንያት ዓሣውም ገዝፎ ይታያል። ጋሼ ያዩት ሻርክ በየዓመቱ የሚያድገው ግን በዚህ ብቻ አይመስለኝም።

ጉም ውስጥ ረጅም መብራት

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ገጥሞት ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር ምን እንደሚያይ ያውቃል፦ ነጭ ግድግዳ። ሐይቅም ውኃው ውስጥ ደቃቅ ነገር አይጠፋም፤ ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ከተለጠፈ እያንዳንዷን ቅንጣት አብርቶ ፎቶውን በረዶ የዘነበበት ያስመስለዋል። መብራቱን በክንድ ርዝመት ወደ ጎን አርቁት፤ እናንተ ደግሞ ከአንድ ሜትር በታች ቅረቡ።

ፍላሹን ጨርሶ መተውም አያዋጣም። ውኃ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ይውጠዋል፤ 5 ሜትር ላይ አብዛኛው ሄዷል። አንዷ ጓደኛችን ለውድድሩ ብላ የለበሰችው ቀይ ቀሚስ ፎቶው ላይ የጭቃ ቀለም ይዞ ወጣ።

ላስቲኩን ሳያዩ መዝጋት

ካሜራውን ከውኃ የሚጠብቀው ቀለበት ላስቲክ ላይ ውኃ ለማስገባት አንድ ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ፍሬ ይበቃል። የስልክ ከረጢትም ያው ነው። መጀመሪያ ባዶውን ከውስጡ ሶፍት አድርጋችሁ ንከሩት።

ቡናውን ደረቅ መሬት ላይ አቅዶ ውኃ ውስጥ ማፍላት

የዘንድሮው ሐሳባችን የቡና ሥነ ሥርዓት ነበር፤ ሁለት ሜትር ጥልቀት፣ ነጠላ፣ ጀበና፣ ሲኒ። ደረቅ መሬት ላይ ቆመን ስናስበው ያማረ ነበር። ረከቦቱ እንጨት ነውና ተንሳፎ ሄደ፤ ዋኝቶ ያመጣው ልጅ ፎቶው ውስጥ የለም። ፈንድሻው ወደ ላይ ወጥቶ ተበተነ። ጥቁሩ ጀበና አረንጓዴው ውኃ ውስጥ ጠፋ፤ የታዩት ነጫጭ ሲኒዎች ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ረከቦቱ ሥር ድንጋይ አሰርን፤ ነጭ ጨርቅም ከጀበናው ኋላ ዘረጋን። ጀበናውን ግን አየር እንደያዘ ይዘነው ወረድን። ዘንበል ሲል አረፋው በአፉ እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ፎቶው ላይ እንፋሎት መሰለ። ታናሽየው ዳኛ ይህቺን አይተው «አቦል ናት» አሉ። ዕቃችሁን መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ሞክሩት፤ የወረደውን ሁሉ ደግሞ መልሳችሁ አውጡ።

ዓሣ ማባረር

ሴቷ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ከተዋከበች ልትተፋው ትችላለች። በብዙ ውድድሮች እንስሳ ተረብሾ የተነሳ ፎቶ ይሰረዛል። ቁጭ በሉ፣ ራሷ ትመጣለች።

ከውኃ ወጥቶ ወዲያው ዳገት

ይህ ከፎቶ ይበልጣል። ታላቅየው ጋሼ አንድ ጊዜ አሰብ ላይ ሲጠልቁ አድረው በዚያው ጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ደሴ ወጡ። ባቲ ሲደርሱ ትከሻቸውን ያዛቸው። ሾፌሩ «ብርድ ነው» አላቸው።

ጠላቂ ካዘለው የብረት ጋን የታመቀ አየር ሲተነፍስ (ኦክስጅን ብቻ አይደለም) ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ናይትሮጅኑም እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ወደ ከፍታ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ቢቻል 24 ሰዓት መቆየት ይጠበቅበታል። ሐይቅ ደግሞ ራሱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተሠራ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረው) እዚያ አይሠራም፤ ደሴ ለመድረስም ገና 600 ሜትር ያህል ይወጣል። እኛ በጋን አንጠልቅም፤ ትንፋሻችንን ይዘን ነው። የኛ አደጋ ሌላ ነው፦ ከመግባት በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ውኃ ውስጥ ራስን ያስታል። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ አንዱ ላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

ትከሻ ለያዘው ጠላቂ ሕክምናው ኦክስጅንና የአየሩ ግፊት ከፍ የሚደረግበት ክፍል ነው። ጋሼን ግን ደሴ ሲደርሱ 3 ቀን በቅቤ አሿቸው። ሕመሙ ቀስ እያለ ለቀቃቸው እንጂ ቅቤው ምንም እንዳላደረገ አሁን ያውቃሉ።

«ቢሆንም» ይላሉ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ፣ «የወረኢሉ ቅቤ ነበር።»