ዴቪስን በእግርና በአውቶቡስ፦ በካሊፎርኒያ ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አንድ ቀን እንዴት እንደሚዋል

ካሊፎርኒያ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መኪና የሌለው ሰው ከደጁ የማይርቅበት ሰፊ አውራ ጎዳና ነው፤ ግምቱም ለአብዛኞቹ ከተሞች ስሕተት አይደለም። ከሳክራሜንቶ በስተምዕራብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዴቪስ ግን ከዚህ የተለየች ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ 67 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ የነበራት፣ ዳገት የሚባል ነገር የሌለባት ለጥ ያለች ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ በ1967 በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆኑትን የብስክሌት መስመሮች በአስፋልቷ ላይ ያሰመረች ከተማ ናት። ነዋሪዋ ብዙውን ጊዜ በእግር ወይም በብስክሌት ስለሚገናኝ ለእንግዳ ፊቱ አይጠቁርም፤ ካርታ ይዞ ግራ የገባው ሰው ቆሞ ከታየ ሳይጠይቅ የሚጠይቀው አያጣም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከተማዋን ያለ መኪና በአንድ ቀን ለማየት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ቀኑን መምረጥ

ዴቪስ የምትተነፍሰው በዩኒቨርሲቲዋ ሳንባ ነው። በ1908 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ሥራ የጀመረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ቅጥር ግቢ የከተማውን ምዕራባዊ ጎን ይዞ የተዘረጋ ሲሆን፣ አውቶቡሶቹ የሚመላለሱትም በትምህርት ዘመኑ ልክ ነው። ትምህርት ባለበት የሥራ ቀን መስመሮቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ በሁለት የትምህርት ወቅቶች መካከል ባለው ዕረፍትና በበጋው፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ፣ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቀን መቁጠሪያ ነው።

ብዙ ሰው ቅዳሜን የሚመክረው በሴንትራል ፓርክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ለሚቆመው የገበሬዎች ገበያ ሲል ነው። ገበያው በእርግጥም ሊታይ የሚገባው ቢሆንም እኔ የምመርጠው ረቡዕን ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላም ገበያ ስላለ አውቶቡሱና ገበያው በአንድ ቀን ይገጣጠማሉ። ረቡዕን የሚጾም አንባቢም ቢሆን እዚያ የሚቀምሰው አያጣም፤ ፍራፍሬው፣ ለውዙ፣ አትክልቱና ዳቦው ጾም የማያስፈታ ነው።

ከወራት ሚያዝያ፣ ግንቦትና ጥቅምት ይመረጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋባቸው ቀኖች አሉ፤ በክረምቱ፣ ማለትም በታኅሣሥና በጥር፣ ሸለቆውን የሚሸፍነው ወፍራም ጉም አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ቀን አይነሣም።

ሁለተኛ፦ በባቡር መድረስ

ከሳን ሆዜና ከኦክላንድ ተነሥቶ ወደ ሳክራሜንቶ የሚዘልቀው ካፒቶል ኮሪደር የተባለው ባቡር ዴቪስ ላይ ይቆማል። በኦክላንድና በአካባቢዋ የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር እስከ ሪችመንድ ሄደው እዚያው ጣቢያ ላይ ወደ ካፒቶል ኮሪደር መቀየር ይችላሉ። መቀመጫው በቁጥር የተያዘ ስላልሆነ ወደ ዴቪስ ሲጓዙ በስተግራ በኩል ያለውን መስኮት ቢይዙ ይመከራል፤ ሐዲዱ ከሪችመንድ እስከ ማርቲኔዝ የባሕሩን ዳር ዳር እየታከከ ስለሚሄድ ውኃው ከእግርዎ ሥር ያለ ይመስላል። ከማርቲኔዝ በኋላ ባቡሩ የባሕር ወሽመጡን በረጅም ድልድይ ተሻግሮ ሸምበቆ በሸፈነው ረግረግ መካከል ያልፋል። ከሳክራሜንቶ የሚነሣ ሰው ግን ሃያ ደቂቃ እንኳ ስለማይፈጅበት መስኮት መምረጥ አያስፈልገውም፤ ከፈለገም ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው ዮሎባስ በተባለው አውቶቡስ ሊመጣ ይችላል።

ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከአንድ ወዳጄ ጋር «በ3 ሰዓት ጣቢያው ላይ እንገናኝ» ተባብለን እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስደርስ፣ እሱ ለካ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን የፈረንጆቹን 3 ሰዓት ኖሯል ያሰበው፤ ስልክ ባይኖር ስድስት ሰዓት ሙሉ በተገተርሁ ነበር። የባቡርና የአውቶቡስ ሰሌዳ የሚነበበው በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ከሀገር ቤት አዲስ ለመጣ እንግዳ ደጋግሞ መንገር ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፦ መንገዶቹን ማንበብ

በ1913 የተሠራው ቀይ ጣሪያ ያለው የባቡር ጣቢያ የሚገኘው በሁለተኛ መንገድና በኤች መንገድ መገናኛ ላይ ነው። ይህን ካወቁ ካርታ አያስፈልግዎትም፤ ምክንያቱም በመሐል ከተማው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት መንገዶች በፊደል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ደግሞ በቁጥር ተሰይመዋል። ከጣቢያው ፊትዎን ወደ ምዕራብ አዙረው በሁለተኛ መንገድ ሲጓዙ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ዲ እያሉ ፊደሎቹ ወደ ኋላ ይቆጠራሉ፤ ኤ ላይ ሲደርሱ ዩኒቨርሲቲው ደጅ ነዎት። ሳይቸኩሉ ቢሄዱ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሱቆቹና ቡና ቤቶቹም የተሰበሰቡት በዚሁ መሐል ነው።

በካሊፎርኒያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ መንገድ መሐል ለመሐል የተሻገረ እግረኛ የመጋጨት አደጋ የሚያመጣ ካልሆነ በስተቀር እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ቢሆንም ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና በሕግ የተፈቀደለት ስለሆነ በመብራት ሲሻገሩም ወደ ግራ መመልከት አይርሱ።

አራተኛ፦ ግቢውንና የዛፎቹን መናፈሻ በእግር መዞር

በግቢው ውስጥ እግረኛን የሚያሰጋው መኪና ሳይሆን ብስክሌት ነው። የክፍል መለወጫ ሰዓት ሲደርስ ብስክሌተኞቹ ከየአቅጣጫው ጎርፈው ለእነሱ በተሠሩት ትንንሽ አደባባዮች ላይ ይሽከረከራሉ፤ በዚያን ሰዓት ወደ አደባባዩ መግባት ወንዝ ሲሞላ እንደ መሻገር ነው። ዳር ቆመው ቢመለከቱ ግን ደስ የሚል ትርዒት ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል።

በግቢው ውስጥ በተለያየ ቦታ የተቀመጡትን የእንቁላል ቅርጽ ያላቸውን ነጫጭ ትልልቅ ጭንቅላቶች ይፈልጉ። እዚያው ያስተምር የነበረው ቀራፂ ሮበርት አርንሰን የሠራቸው ናቸው። ከሺልድስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ያለው አፍንጫውን መጽሐፍ ውስጥ ቀብሮ ያነባል፤ ተማሪዎችም ለፈተና እንዲቀናቸው ይዳስሱታል። የአስተዳደሩ ሕንፃ ምራክ ሆል አጠገብ ያለው ደግሞ ተዘቅዝቆ የሚስቅ ሲሆን፣ ከማጅራቱ በኩል የተቀረፀች አንዲት ዓይን አለቆቹን አፍጥጣ ትመለከታለች። ሊቃውንት ቅኔ የሚሉትን ነገር ይህ ሰው በነሐስ የተቀኘ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው በ1936 የተቋቋመውን የዩኒቨርሲቲውን የዛፎች መናፈሻ፣ አርቦሬተሙን፣ ያገኛሉ። 40 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ይህ መናፈሻ የተተከለው ፑታ ክሪክ የተባለው ወንዝ ድሮ ይፈስበት በነበረ ቦይ ግራና ቀኝ ነው፤ ውኃው አሁን የታቆረ ስለሆነ በሙቀት ወራት አረንጓዴ ይለብሳል፤ ዳክዬዎቹ ግን ግድ የላቸውም። መግቢያ አይከፈልበትም። ዙሪያውን ለመጨረስ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ መሄድ ስለሚጠይቅ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው በመሐል ከተማው በኩል ባለው ምሥራቃዊ ጫፍ ገብቶ የሬድውዱን ጫካ አይቶ ቢመለስ ይበቃዋል። ሬድውድ በባሕሩ ዳርቻ ጉም የሚያድግ ግዙፍ ዛፍ ሲሆን፣ በዚህ በሚያቃጥል ሜዳ ላይ እንደዚያ ተጠጋግቶ መቆሙ ብቻውን ያስደንቃል፤ ከሥሩ ሲገቡ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ መሬቱ ከረገፈው ቅጠል የተነሣ እንደ ምንጣፍ ይረግባል፣ ሙቀቱም ወዲያው ይበርዳል።

ቡና ለሚወድ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ዩኒቨርሲቲው በ2024 ለቡና ምርምርና ትምህርት ብቻ የሚያገለግል ማዕከል ከፍቷል። ቡናን ከኬሚካል ምሕንድስና ጋር አያይዞ የሚያስተምረው የመግቢያ ትምህርትም ተማሪ የሚሻማበት ሆኗል። ከጀበና ጋር ያደግን ሰዎች ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

አምስተኛ፦ አውቶቡሱን መሳፈር

የከተማዋ አውቶቡስ ዩኒትራንስ ይባላል። የተጀመረው በ1968 ሲሆን፣ ተማሪዎች ከለንደን በተገዙ ሁለት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ያቋቋሙት ነው። ዛሬ ከተማውን በሙሉ የሚያገለግል ቢሆንም የሚያሽከረክሩት አሁንም በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። መስመሮቹ በፊደል የሚታወቁ ሲሆን አብዛኞቹ የሚነሡትና የሚመለሱት በግቢው ውስጥ ካሉት ከሜሞሪያል ዩኒየን ወይም ከሳይሎ መናኸሪያ ነው። በመሆኑም መንገድ የጠፋው እንግዳ «ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል?» ብሎ ጠይቆ መሳፈር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ፒ ወይም ኪው የተባለውን መስመር ቢይዝ ይበጀዋል፤ ሁለቱም ከተማውን በተቃራኒ አቅጣጫ ዞረው ይመለሳሉ። ከመሳፈርዎ በፊት የዕለቱን ሰሌዳና ዋጋ ያረጋግጡ፤ ሾፌሩ መልስ ስለማይሰጥ ልክ የሆነ ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ ወይም በስልክዎ ይክፈሉ። ለመውረድ «ወራጅ አለ!» ማለት አያስፈልግም፤ በመስኮቱ በኩል የተዘረጋውን ገመድ ሳብ ሲያደርጉ ደወል ይጮኻል፣ አውቶቡሱም በሚቀጥለው ፌርማታ ይቆማል። ሲወርዱ ለሾፌሩ ጮክ ብሎ «አመሰግናለሁ» ማለት የተለመደ ነው፤ ከኋላ በር የሚወርደው ሁሉ በየተራ ሲያመሰግን መስማት ለእኔ የከተማዋን ጠባይ ከማንኛውም ነገር ይበልጥ የሚያሳይ ነው።

ትምህርት ባለበት የሥራ ቀን ከድሮዎቹ የለንደን አውቶቡሶች አንዱ ካጋጠመዎት ሌላውን ትተው እሱን ይሳፈሩ። በአዲስ አበባ ሸገር አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ለከፍታው እንግዳ አይሆንም፤ የዛፍ ቅርንጫፍ መስኮቱን ቧጥጦ ሲያልፍ ግን ሳይታወቀው አንገቱን ይሰብራል።

ስድስተኛ፦ ወደ ዳር ሰፈሮች መውጣት

በምዕራብ ዴቪስ ያለው ቪሌጅ ሆምስ በ1970ዎቹ የተሠራ ሰፈር ሲሆን፣ ቤቶቹ የፀሐይን ሙቀት እንዲጠቀሙ ወደ ደቡብ ዞረዋል፣ የዝናቡ ውኃም በቱቦ ሳይሆን በሣር በተሸፈኑ ቦዮች እየሰረገ ዛፎቹን ያጠጣል። የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ፍራንሷ ሚተራን በ1984 መጥተው ጎብኝተውታል። በጠባቦቹ የእግር መንገዶች መዘዋወር ይቻላል፤ ፍሬው ግን የነዋሪዎቹ ነውና ሳይፈቀድ አይቀጠፍም።

በምሥራቅ በኩል፣ በፖል ላይን መንገድ ላይ ያለው ድልድይ በ1995 ሲሠራ ጉርጦች በመኪና እንዳይዳመጡ የሚሾልኩበት ትንሽ የቱቦ ዋሻ ከሥሩ ተቀብሮላቸዋል። ዋጋው ወደ 14 ሺህ ዶላር ነበር። አሜሪካ በሙሉ የቀለደበት ዋሻ ሲሆን፣ ለጉርጦቹ የተሠሩት የአሻንጉሊት ያህል ትንንሽ ቤቶች በፖስታ ቤቱ አጠገብ ይታያሉ። ለዚህ ብቻ ብሎ መሄድ ለልጆች ያስደስታል፤ አዋቂ ግን በአውቶቡስ ሲያልፍ ቢያየው ይበቃዋል።

ሰባተኛ፦ ገበያውና መልሱ

ከሰዓት በኋላ ወደ አራተኛ መንገድና ሲ መንገድ መገናኛ ይመለሱ። ገበያው ጣሪያ ባለው ረጅም ዳስ ሥር የሚቆም ሲሆን የሚሸጡት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። ፍሬ ቆርጠው ሲያቀምሱዎት መቀበል ነውር አይደለም፤ ቀምሶ ሳይገዙ ማለፍም ቅር አያሰኛቸውም። ሁሉንም ሳያዩ አይግዙ፤ አንድ ዓይነት ፍሬ በሦስት ገበታ ላይ ሦስት ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው ርቀት አሥር ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። ቀኑ የቱንም ያህል ቢያቃጥል በበጋ ምሽት ከባሕሩ ወሽመጥ የሚነሣው ነፋስ ሸለቆውን ያቀዘቅዘዋልና፣ ጠዋት የማያስፈልግ የመሰለው ስስ ሹራብ ባቡር ሲጠብቁ ያስፈልግዎታል።