ገንዘቤ ለሁለት ጎማ ብቻ ሲበቃ

የቪትዝ መኪናዬ የፊት ጎማዎች በውስጥ ጠርዛቸው በኩል ብቻ ተበልተው ሽቦ ሊያወጡ ደርሰው ነበር። አራት አዲስ ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። መርካቶ ያገለገሉ ጎማዎች አገኘሁ። ጥርሳቸው ደህና ነው፤ ጎናቸው ላይ ግን 1114 የሚል ቁጥር አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 በ11ኛው ሳምንት የተሠሩ ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም አያስተማምንምና ተውኳቸው።

ሁለት አዲስ ገዛሁ። ጎሚስታው ከፊት ሊገጥማቸው ሲል ከኋላ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት፤ በክረምት ዝናብ የኋላ ጎማ ከተንሸራተተ መኪናን መቆጣጠር እጅግ ከባድ ነው። ደህና የነበሩት የኋላዎቹ ወደ ፊት መጡ።

ከዚያው ሳልወጣ የፊት ጎማዎቹን አሰላለፍ በመሣሪያ አስለካሁ። ተዛብቶ ነበር፤ የድሮዎቹን የበላቸውም እርሱ ነው። ተስተካክሎልኛል፤ አሁን ጥርሳቸውን በየወሩ በእጄ እዳስሳለሁ።